የኦፋ ዳይክን በእግሩ የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር ላይ ያለውን የኦፋ ዳይክ መንገድ ልሄድ ነበር፣ አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። ጠቅላላው 285 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ የማስበው ከቼፕስቶ ተነስቼ እስከ ሄይ ኦን ዋይ ብቻ ነው።

መጀመሪያው አያሳስበኝም። እንዲያውም ልቤ የተሰቀለው እዚያ ነው። ንጉሥ ኦፋ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የአፈር ግንብና ቦይ በዛፎቹ መሃል አሁንም ይታያል፤ ዴቪልስ ፑልፒት ከሚባለው ዓለት ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ ደግሞ በ1131 የተመሠረተው የቲንተርን ገዳም ጣሪያው የለም፣ ግድግዳውና ትልልቆቹ የመስኮት ቅስቶች ግን እንደቆሙ ናቸው።

ጭንቀቴ በመንገዱ ላይ ካለችው ከፓንዲ መንደር በኋላ ነው። የሃተራል ጋራ ጫፍ ላይ ከወጡ እስከ ሄይ ድረስ ገላጣ ነው፣ መጠለያ የለም፣ ንፋስና ጉም አለ፣ የኔ ጉልበት ደግሞ ያን ሁሉ በአንድ ቀን አይችልም። መሃል ላይ ወደ ላንቶኒ ሸለቆ ወርጄ ልደርና በማግስቱ ልውጣ? ወይስ ቁልቁለቱና ዳገቱ ይብስብኛል? በጉም ጊዜስ መንገዱ ይለያል? የሄዳችሁበት እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።