ቁስሉን የደበቀው ልጅ፣ የሚጮኸው ፎርማንና የእኔ ቅጥር፦ ምክር ፈልጌ ነው

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ዕቃ የሚሠራ ወርክሾፕ እመራለሁ። 26 ሠራተኞች አሉን። ሦስት ነገር ተደራርቦብኝ ግራ ገብቶኛል።

ባለፈው ሳምንት በመጋዝ ማሽኑ በኩል ሳልፍ አንድ ወጣት ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ በአንድ እጁ ጣውላ ሲጎትት አየሁት። "እስቲ እጅህን" ስለው አንገቱን ደፋ። አወጣው። ጠቋሚ ጣቱ በማሽን መጥረጊያ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ በደም ርሷል። የተቆረጠው ጠዋት ነው። ለምን ደበቅህ ስለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አሳየኝ። "ያለ አደጋ 87 ቀን" ይላል። 90 ከሞላ ሁሉም ቦነስ ያገኛል። ሰሌዳውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አንጀቴን በላው።

ሁለተኛው ፎርማኑ ነው። ከሁሉም የሚበልጥ አናጺ ስለነበር ሾምነው። አሁን ሲጮህ ነው የሚውለው፤ በስድስት ወር አምስት ሰው ለቀቀ። ሦስተኛ፣ በእነሱ ምትክ መቅጠር አለብኝ። እስከ ዛሬ አሥር ደቂቃ አውርቼ ደስ ያለኝን ነው የምወስደው። ብዙ ጊዜ አይሳካልኝም። የስብዕና ፈተና ልግዛ? ከየት ልጀምር?

የደህንነት ባለሙያ፦ እህቴ፣ ሰሌዳውን ዛሬውኑ አውርጂው። ቦነሱ የሚከፈለው ሰው ስላልተጎዳ ሳይሆን የተጎዳ ሰው ስላልተናገረ ሆኗል። ልጁ የ25 ጓደኞቹን ገንዘብ ላለማስቀረት ነው የደማው።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ስህተቶችን አጥንታ ነበር። ጥሩ ቡድኖች ትንሽ ይሳሳታሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ በጥሩዎቹ ቡድኖች ዘንድ ብዙ ስህተት ተመዝግቦ አገኘች። ነገሩ ሲጣራ እነዚያ ይበልጥ ስለተሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር የሚነገርሽ አደጋ ቢበዛ አትደንግጪ። "ለጥቂት ተረፍኩ" የሚባለውንም የሚጽፉበት ደብተር አስቀምጪ።

ሌላው፣ "ተጠንቀቁ" ብለሽ አታቁሚ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የሚባለው የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፉን ታጣፊ ክፍል ማብሪያ የነኩ እየመሰላቸው የጎማውን ነክተው ጎማውን ያጥፉት ነበር። የአብራሪዎቹ ስህተት ነው ተብሎ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሳይኮሎጂ ባለሙያ አብራሪው የሚቀመጥበትን ክፍል ሲያይ ሁለቱ ማብሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው። አንዱ ላይ ትንሽ ጎማ፣ ሌላው ላይ ክንፍ የሚመስል ቅርጽ እንዲደረግ አደረገ። እጅ ሲነካው ያውቀዋል። አንቺም መጋዙ ጋ ሄደሽ ቁሚ። የምላጩ መከለያ ቦታው ላይ አለ? ከሌለ ማን አነሳው፣ ለምን?

የሥራ ሳይኮሎጂ አስተማሪ፦ ስለ ቅጥሩ ልመልስልዎ። ፈተናውን አይግዙ። ሰውን በአራት ፊደል የሚመድበውን የማየርስ ብሪግስ መጠይቅ አሳታሚው ራሱ ለቅጥር አትጠቀሙበት ይላል።

አሥር ደቂቃ አውርቶ መምረጥ የማይሠራበት ምክንያት አለው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 የጦር መኮንኖች ለወታደሮች የሰጡትን ነጥብ መረመረ። ቁመናው ያማረ ወታደር በብልህነቱም፣ በባሕርዩም ከፍ ያለ ነጥብ ተሰጥቶታል። አንዱ መልካም ነገር ሌላውን ያበራዋል። እርስዎም አንደበተ ርቱዕ ሰው ሲያዩ ጎበዝ አናጺ ያዩ ይመስልዎታል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት በርካታ የመቅጠሪያ ዘዴዎችን አወዳድሮ ቀድሞ የተዋቀረውን ቃለ መጠይቅ ከፊት አስቀምጦታል። ሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቃል፤ የመልሱ ነጥብም አስቀድሞ ይወሰናል። ጥያቄዎቹን ከእውነተኛ ሥራ ይውሰዱ፦ "ምላጩ ውስጥ እንጨት ተቀርቅሯል፣ ዕቃው ደግሞ ዛሬ ማለቅ አለበት። ምን ታደርጋለህ?" "መጀመሪያ ማሽኑን አጠፋለሁ" ካላለ ነጥቡ ዝቅ ይላል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይነጋገሩ። ቀጥሎ ንድፍና እንጨት ሰጥተው አንድ ሰዓት ያሠሩት። ሳይለካ ይቆርጣል? ያልገባውን ይጠይቃል?

የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ ይሄ ሁሉ ለትንሽ ወርክሾፕ አይከብድም? የሙከራ ጊዜ አለ አይደል። ካልሆነ ይሰናበታል።

የሥራ ሳይኮሎጂ አስተማሪ፦ የሙከራ ጊዜ ጥሩ ነው። ግን ሰውየው በሙከራው የመጀመሪያ ቀንም ከዚያው መጋዝ ፊት ነው የሚቆመው። ጥያቄዎቹን ማዘጋጀት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ አንዴ ከተጻፉ ደግሞ ለሁሉም ያገለግላሉ።

የቀድሞ ፎርማን፦ እህቴ፣ ያ ፎርማን እኔን ነው የሚመስለው። እኔም እጄ ጥሩ ስለነበር ነው የተሾምኩት። በአንድ ቀን ከጓደኞቼ ለዩኝ፤ ሰው እንዴት እንደሚመራ ግን ማንም አልነገረኝም። ሥራው ሲዘገይ የማውቀው መፍትሔ ከእጃቸው ቀምቼ መሥራት ነበር። ካልሆነም መጮህ። ማታ አለቃዬ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ስንት ወጣ?" "ማን ደከመ? ማን ተጎዳ?" ብሎኝ አያውቅም።

ከመገሠጽሽ በፊት አንቺ ማታ ማታ ምን እንደምትጠይቂው አስቢ። ከዚያ ለብቻው ጥሪው። በሰው ፊት አይሁን።

የሥራ ሳይኮሎጂ አስተማሪ፦ ወንድማችን ያሉት በጥናትም የታየ ነው። ዶቭ ዞሃር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ፎርማኖች ስለ ደህንነት ምን ያህል ከሠራተኛ ጋር እንደሚነጋገሩ በየሳምንቱ ይነገራቸው ነበር። አለቆቻቸውም ይህን ይከታተሉ ነበር። ቀላል ጉዳቶች ቀነሱ። ፍላይሽማንና ሃሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 በአንድ የጭነት መኪና ፋብሪካ ፎርማኖችን አጥንተዋል። ለሠራተኛው የሚያስብ ፎርማን ጠበቅ ቢያደርግም አቤቱታ እምብዛም አልበዛበትም። ለሰው ደንታ በሌለው ፎርማን ሥር ግን አቤቱታውም፣ ለቅቆ የሚሄደውም ብዙ ነበር። ፎርማንዎ ጥብቅነቱን መተው የለበትም፤ ሰዎቹን ማዳመጥ ግን መማር አለበት።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰሌዳው ወርዷል። መጋዙ ጋ ሄጄ ቆምኩ። መከለያው ማሽኑ ሥር ተቀምጧል፤ ማሰሪያ ብሎኑ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ፎርማኑን ለብቻው ስጠይቀው "ማሽኑ ከቆመ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው" አለኝ። መልስ አጣሁለት፤ እውነቱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማታ የምጠይቀውን ቀይሬያለሁ። ብሎኑም ተገዝቷል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቦነሱን ምን ላድርገው? 90 ቀኑ አልሞላም፤ ግን ሁሉም ሲጠብቁት ነበር።

የደህንነት ባለሙያ፦ ለ26ቱም ክፈይ። የልጁን ደግሞ በእጅሽ ስጪው፣ ሁሉም ባለበት። ደብተሩ ላይም የመጀመሪያውን መስመር እሱ ይጻፍ፤ ጠዋት የሆነውን፣ ብሎኑንም ጨምሮ።