መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ አይደውልም፣ እርዱኝ (አዳማ)

ጠያቂው፦ ሰላም፣ አስቸኳይ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ ቢሮ ነን። ፒፒፒኦኢውን (በዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚገናኘውን የኢንተርኔት መስመር) የሚደውለው ፋየርዎል ያደረግነው ሊኑክስ ሰርቨር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ቆይቼ በእጄ «ፖን» (የመደወያ ትእዛዙን) ስለው ወዲያው ይገናኛል። ሎጉ «ታይምአውት ዌይቲንግ ፎር ፓዶ ፓኬትስ» ይላል። አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል።

ባለ ካፌው፦ ሪስታርት አድርገው።

ጠያቂው፦ ወንድሜ፣ መብራት ኃይል በየጊዜው ሪስታርት እያደረገልኝ እኮ ነው የተቸገርኩት።

ጋሽ ኬብል፦ ልጄ፣ ለትንሽ ቢሮ ሰርቨር ምን ይሠራል? ሞደሙ ራሱ ይደውል። ዩፒኤስም ግዙ። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ማወሳሰብ ትወዳላችሁ።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ ሞደሙ ብሪጅ ላይ ነው፣ መስመሩን ለሰርቨሩ ያሳልፋል እንጂ ራሱ አይደውልም። ፋየርዎሉን አልተውም፣ ቪፒኤን አለን።

የሞጆዋ፦ ፓስወርዱ ተቀይሮ እንዳይሆን?

ዜሮ አንድ፦ አይደለም። ፓዶ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ ነው። ፓስወርድ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርቨሩ ሲደውል መስመሩ ገና አልተነሳም ማለት ነው። ፒፒፒዲ (ሰርቨሩ ላይ የሚደውለው ፕሮግራም) ደግሞ በተከታታይ 10 ጊዜ ካልተሳካለት ትቶ ይወጣል፣ ዲፎልቱ እንደዚያ ነው። «ፐርሲስት» (ደጋግመህ ሞክር) ካልጻፍክለት ደግሞ ገና በመጀመሪያው ይወጣል። ኢቲሲ ስር ፒፒፒ፣ ከዚያ ፒርስ ውስጥ ያለውን ፋይል ክፈትና ሦስት መስመር ጨምር፦ «ፐርሲስት»፣ «ማክስፌይል 0»፣ «ሆልድኦፍ 30»። 0 ማለት ገደብ የለም፤ 30ው በሙከራዎች መሃል የሚጠብቀው ሰከንድ ነው።

ባለ ካፌው፦ እንግዲህ አለቃህም ፐርሲስት ላይ ናቸው 😂

ጋሽ ኬብል፦ ዩፒኤስ ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዜሮ አንድ፦ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ያለው የቴሌ ሳጥን መብራት ካጣ የቢሮው ዩፒኤስ ምን ያደርጋል?

ሰው በላይ፦ ማክስፌይልን 0 አድርገው፣ ይስተካከላል።

የሞጆዋ፦ አሁን የተባለውን ነው እኮ የደገምከው።

ዜሮ አንድ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ተገናኝቶ ኢንተርኔት ካላለፈ፣ ኔትወርክ ካርዱ ላይ ጌትዌይ ተጽፎ እንደሆነ እየውና አጥፋው። ፒፒፒዲ ነባር ዲፎልት ራውት (ያ ጌትዌይ የሚፈጥረውን ወደ ውጭ መውጫ መንገድ) ካገኘ በራሱ አይተካውም።

ሌላ ጠያቂ፦ እኛም ጋ ይገናኛል፣ ግን አንዳንድ ገጽ ግማሹን ከፍቶ ይቆማል። ያው ችግር ነው?

ዜሮ አንድ፦ አይ፣ ያንተ ኤምቲዩ (መስመሩ በአንዴ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ይመስላል። ፒፒፒኦኢ ላይ 1492 ነው፣ ፋየርዎሉ ላይ ኤምኤስኤሱን (ፓኬቱ ውስጥ የሚገባውን የዳታ መጠን) 1452 አድርገው።