ሐኪሙ ኮንሪንግ እንዴት የሕግ ታሪክ አባት ሆነ?

የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ሀዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሕግ ታሪክ ትምህርታችን ኸርማን ኮንሪንግ የጀርመን የሕግ ታሪክ መሥራች ተብሏል። ሕይወቱን ሳነብ ግን በሄልምሽቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የተፈጥሮ ፍልስፍና፣ ሕክምናና ፖለቲካ ነው። የሕግ መምህር ሳይሆን ይህን ስም እንዴት አገኘ?

ጡረተኛ ዳኛ፣ ሀዋሳ፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ኮንሪንግ እ.ኤ.አ. በ1606 ኖርደን ተወለደ፤ አባቱ የሉተራን ሰባኪ ነበሩ። በዘመኑ የነበሩ የሕግ አዋቂዎች የሮማ ሕግ ጀርመን የገባው በ12ኛው መቶ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ሎታር ባወጀው ዐዋጅ ነው ይሉ ነበር። አንዱ ከሌላው እየቀዳ ይጽፋል፤ ዐዋጁን በዓይኑ ያየ ግን የለም። ኮንሪንግ የቆዩትን ጽሑፎች አገላብጦ እንዲህ ያለ ዐዋጅ እንዳልነበረ በ1643 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። የሮማ ሕግ የገባው በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሰዎች በፍርድ ቤት ወንበር እየያዙ ሲሄዱ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ጠበቃ፣ አዳማ፦
የእኛ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመጣበት ቀን ይታወቃል፦ ቁጥር 165/1952፣ አርቃቂው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ። ነገር ግን ገጠር ወርዶ ለሚሟገት ሰው የኮንሪንግ ጥያቄ አሁንም ሕያው ነው። ሽማግሌ የሚፈርድበትን ሕግ ማን ዐወጀው?

የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ፣ እርስዎ በዳኝነት ዘመንዎ ኮንሪንግ ጠቅሞዎታል?

ጡረተኛ ዳኛ፦
በጣም! የሊንዳው ከተማና በዚያው የነበረ የሴቶች ገዳም ተካሰው፣ ገዳሙ ጥንት ንጉሠ ነገሥት ሉድቪግ ሰጠኝ የሚለውን ደብዳቤ አቀረበ። ኮንሪንግ ደብዳቤውን በእርግጥ ከታወቁት ደብዳቤዎች ጋር እያስተያየ መርምሮ ሐሰተኛ መሆኑን በ1672 አሳተመ።

እኔም ከጡረታዬ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. ተጻፈ የተባለ የቤት ሽያጭ ውል ቀረበልኝ። ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፤ የታጠፈበት መሥመር ግን ነጭ ነው። መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ ይኸው ነበር። ቀጥዬ ክቡን ማኅተም በብርሃን አየሁት፤ ሐምራዊው ቀለም «ሀዋሳ» ይላል። በ1965 ከተማችን የምትጻፈው «አዋሳ» ተብላ ነው! ማኅተሙን ለሁለቱም ወገን አሳየሁ። ሰነዱን ያመጣው ሰው ዝም ብሎ አጣጠፈና ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል፣ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ አዘዝኩ።