የውጭ እርዳታውን እንዴት ልመዝነው?

ሰላም ወገኖች፣ ስለ ቬትናሙ የታይ ሶን ጦርነት የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ፦ በታይ ሶን አማፂያን የተባረረው የደቡቡ የመሳፍንት ቤተሰብ ወራሽ ንጉየን አን በመጨረሻ እንዲያሸንፍ የውጭ እርዳታው ምን ያህል ረዳው? ንጉየን አን መጀመሪያ የሲያምን (የዛሬዋን ታይላንድ) ጦር ይዞ መጣ፤ ያ ጦር እ.ኤ.አ. ጥር 1785 ሜኮንግ ወንዝ ላይ በታይ ሶኖች ተደመሰሰ። ከዚያ ፈረንሳዊው ጳጳስ ፒኞ ደ ቤኤን የንጉየን አንን ትንሽ ልጅ፣ ልዑል ካንን፣ ይዘው እርዳታ ለመጠየቅ የፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ቬርሳይ ድረስ ሄዱ (ልጁ በጣም ያሳዝነኛል)። በ1787 ውል ፈረንሳይ 4 የጦር መርከብና 1,650 ወታደር ልትሰጥ ቃል ገባች፣ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ጳጳሱ ራሳቸው መሣሪያና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች አሰባስበው በ1789 ተመለሱ። የንጉየን አን ድል የተጠናቀቀው በ1802 ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጦሩን የመገበው የደቡቡ ሩዝና የተቀናቃኙ የታይ ሶን መሪ የንጉየን ሁዌ በ1792 ድንገት መሞት ነው። ግን ፈረንሳዮቹ የነደፉትን የሳይጎን ምሽግ ሳስብ መልሼ እጠራጠራለሁ። እናንተ ብትሆኑ ከየቱ ትጀምራላችሁ? እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።