የሊሾ ወለል ቅዝቃዜና እርጥበት (ሐዋሳ)፦ እግራችን እንዴት ይሙቅ?

ጠያቂ፦ ሐይቅ ዳር
ሰላም ወገኖች። ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የተከራየነው ቤት ወለሉ ሊሾ ነው። ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ካርቶን አንጥፈን ምንጣፍ ብንደርብበትም ከሥር ይረጥባል፣ ይሸታል። ሁለት ካልሲ ለብሰን እንኳ እግራችን አይሞቅም። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ይበልጥ የማስበው ለእሷ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት አልፈልግም። ወለሉን ማፍረስ ደግሞ አንችልም፣ የሰው ቤት ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ግንበኛ
እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ በደረቅ ቀን ባዶው ሊሾ ላይ ዘርጊና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊው። ሁለት ቀን ሳይነካ ይቆይ። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበቱ ከመሬት የሚወጣ ነው። ላዩ ብቻ ከረጠበ ግን ከክፍሉ አየር ነው፤ ማለትም የትንፋሽ፣ የሚፈላ ውሃና ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንፋሎት ቀዝቃዛው ወለል ላይ እያረፈ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

እናንተ ሰፈር ከመሬት መሆኑ አይገርምም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በክረምት ዳርቻው አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ለወለል ይቀርባል፤ ሲሚንቶ ደግሞ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ውሃ ወደ ላይ ይስባል።

ቀጥሎ ውጭውን እዪ። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው የቆርቆሮው ውሃ ሁሉ የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው። የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። አፈሩ ከወለሉ እኩል ከሆነ ምንም ብታነጥፉ አይጠቅምም፤ ይህ የአከራዩ ሥራ ነው፣ አስረግጣችሁ ጠይቁት። እርጥበቱ በአንድ ግድግዳ በኩል ብቻ ከሆነ ቧንቧ ጠርጥሪ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተሽ ቆጣሪውን አንድ ሰዓት ጠብቂው፤ ከዞረ የሚያፈስ ቦታ አለ።

አነጣጠፉ ላይ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ካርቶን ሊሾው ላይ ሲነጠፍ ውሃውን ይጠጣል፤ ላዩ ላይ የወለል ፕላስቲክ ሲደረብበት ደግሞ መውጫ አጥቶ ይሻግታል። ላስቲኩ ከሁሉም በታች ይሁን። ለግንባታ የሚውለውን ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ዘርጊ፤ መጋጠሚያው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር አደራርበሽ በፕላስተር አሽጊ፤ ግድግዳው ጋ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ እጠፊው። ከዚያ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ፎም (ልጆች የሚጫወቱበት፣ እየተገጣጠመ የሚነጠፈው ዓይነት ጥሩ ነው)፣ ከሁሉም በላይ ምንጣፉ። የፍራሽ ስፖንጅ አትጠቀሙ። ሲረገጥ አየሩ ይወጣና ሙቀት መያዙ ይቀራል፤ ትልቅ ሰውም ያደናቅፋል።

ላስቲክ ወለሉን አያደርቀውም፣ እርጥበቱን እታች ያስቀረዋል እንጂ። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ምንጣፉንና ፎሙን አንስታችሁ ፀሐይ አሳዩት። ሶፋና ቁምሳጥን ከግድግዳው አንድ እጅ ያህል ይራቅ።

መልስ፦ ሹራብ ሠሪ
ወለሉን ግንበኛው ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ካልሲው ልናገር። ሁለት ካልሲ የማይሞቀው ሁለተኛው ስለሚያጠብቅ ነው። የሚያሞቀው በጨርቁ መሃል የሚቆየው አየር ነው፤ ሲጠብቅ አየሩም የደም ዝውውሩም ይቀንሳል። አንድ ለቀቅ ያለ የሱፍ ካልሲ ሁለት ጥብቅ የጥጥ ካልሲ ይበልጣል። ጥጥ ላብ ይይዛል፤ ከረጠበ በኋላ እግርን ያቀዘቅዛል። ሱፍ ግን ትንሽ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ቀን የዋለ ካልሲ ደረቅ ቢመስልም ላብ አለበት፤ ማታ በሌላ ቀይሩት።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የበግ አጎዛ ነው። ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከመቀመጫው ፊት አንጥፉና እግር እዚያ ይረፍ። ባዶ ሊሾ ላይ ግን አይነጠፍ፣ ቆዳው ረጥቦ ይበሰብሳል። ሲነፋፈስም ጥላ ሥር ይሁን፤ ኃይለኛ ፀሐይ ቆዳውን ያደርቀዋል።

ጫማ ከረጠበ የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይሩት፣ ማታ ደግሞ ሌላ። ከሰል አጠገብ አታስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹ ይለቃል።

መልስ፦ አላሙራ
ቀላሉ ዘዴ ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ ሞልቶ እግር ሥር ማስቀመጥ ነው። እስከ ንጋት ይሞቃል።

መልስ፦ ነርስ
ይህን አታድርጉ፣ በተለይ ለእናታችን። ያ ፕላስቲክ ለፈላ ውሃ የተሠራ አይደለም፤ ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ሊለቅ ይችላል። የስኳር ሕመም ደግሞ የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ሰውየው ሳይሰማው ይቃጠላል። ቁስሉ የሚታየው በማግስቱ ነው፣ መዳኑም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሙቅ ውሃ መያዣ ካላችሁ (ወፍራም ጎማ የሆነው) አልጋውን ቀድማችሁ አሙቁበትና ልትተኛ ስትል አውጡት።

እግሯን በለብታ ውሃ እጠቡ፤ ሙቀቱን ሕመሙ የሌለበት ሰው በክርኑ ይለካ። በጣቶቹ መሃል በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊን ተረከዝ ላይ እንጂ በጣቶች መሃል አይቀባ። ካልሲዋ ላስቲኩ የማያጠብቅ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ ደም ወይም ፈሳሽ ቢኖር ወዲያው ይታያል። ቤት ውስጥም ከፊት የተዘጋ ጫማ ታድርግ፣ በባዶ እግር አትሂድ። በየማታው መርገጫዋን እዩላት። ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ ወይም አንዱ እግር ከሌላው ተለይቶ ቀዝቅዞ ቀለሙ ከተለወጠ በማሞቅ ጊዜ አታጥፉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ከሰሉን መከልከልሽ ትክክል ነው። ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

ጠያቂ፦ ሐይቅ ዳር
እግዜር ይስጥልን። አንድ ልጨምር፦ አከራዩ በሊሾው ላይ ሴራሚክ ላንጥፍ እያለ ነው። ይሻለናል?

መልስ፦ ግንበኛ
ለጽዳት ይሻላል፣ ለሙቀት ግን አይሻልም። ሴራሚክ የእግርን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ከሊሾ እኩል ይቀዘቅዛል፤ ከሥር እርጥበት ካለም በመጋጠሚያዎቹ ይወጣል። ገንዘቡን ለማውጣት ከፈቀደ መጀመሪያ አሸንዳውንና የግቢውን ቦይ ያሠራ።