ሳሩ በየዓመቱ እየሳሳ ነው፣ አፈሩን ምን ላድርገው?

የዱከሙ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዱከም አለፍ ብሎ ሄክታር የማትሞላ የሳር ቦታ አለችን፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሦስት ላምና ሁለት ጊደር አለን። በፊት ድርቆሹ ከጤፍ ጭድ ጋር እስከ ሚያዝያ ያደርሰን ነበር። አሁን ጥር ላይ ያልቃል። ሳሩ ሳስቷል፣ መሀል መሀሉ መላጣ ሆኗል፣ ዝናቡ እንደቆመ ደግሞ መሬቱ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ድርቆሽ እየገዙ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ጨምረው ላም ማርባት እንዴት እንደሚያዋጣ እናንተው ንገሩኝ። አንዱ ዩሪያ በትን ይለኛል፣ ሌላው ኖራ።

ላሜቦራ፦
የላሞቹ እበት የት ነው የሚሄደው? ኩበት ሆኖ ምድጃ የሚገባ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። አንድ ቶን ድርቆሽ አጭደህ ስታወጣ የሳሩ ምግብ የሆነውን ናይትሮጂን 10 ኪሎ ያህል ከመሬቱ ይዞ ይሄዳል፣ ፖታሽየሙም ቀላል አይደለም። በየጥቅምቱ ይወጣል፣ የሚመለስ የለም። ዩሪያ በኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጂን ስላለው ሳሩን ያስነሳዋል፣ አልክድም፣ ግን ፖታሽየም የለውም፣ ለአፈሩም ብስባሽ አይጨምርለትም፣ ዝናብ ሳይከተለው ላይ ላዩን ከቀረ ደግሞ ከገንዘብህ ቀላል የማይባለው በንኖ ሊሄድ ይችላል።
እበቱን ከጋጣ ጥራጊና ከተረፈ ገለባ ጋር ከምረው። ጉድጓድ አትቆፍር፣ ዋልካ ላይ ክረምት ውሃ ይሞላዋል። ሸፍነው፣ አልፎ አልፎ አገላብጠው፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ በትነው። ሽንቱንም አትርሳ፣ አብዛኛው ፖታሽየም የሚወጣው በሱ ነው። ጋጣው ላይ ገለባ አንጥፍና ይምጠጠው።

የሰንዳፋ_ልጅ፦
ስንጥቁ አያስደንግጥህ፣ ዋልካ ሲደርቅ መሰንጠቅ ባህሪው ነው። የሚጎዳው መራቆቱ ነው። ክረምት ላይ ከብት ታስገባለህ? እርጥብ ዋልካን ሰኮና ከጠቀጠቀው ሥሩ መተንፈሻ ያጣል፣ መላጣው የሚመጣው ከዚያ ነው። እስኪታጨድ ዝጋው። ስታጭድም አራት ጣት ያህል ተውለት፣ ከሥሩ የተላጨ ሳር በጋውን አይችልም። ከአጨዳ በኋላ የሰፈሩ ከብት በሙሉ ይገባ የለ? ልቅ ግጦሹን ካላቆምክ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው (ከጎረቤት ጋር መጣላቱ እንዳለ ሆኖ)።
መላጣው ላይ ዝናቡ ሲጀምር ሲናርና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅለህ ዝራ። ቬቹ ናይትሮጂን ከአየር ይስባል፣ ድርቆሹም ፕሮቲን ያገኛል። ማገጥ በራሱ የሚበቅል ከሆነ ደግሞ እንዳትነቅለው፣ ሥራው ያው ነው።

ከሆለታ፦
ኖራ በትን ያለህ ሰው የኛን ሰፈር አፈር እያሰበ መሰለኝ። በሆለታና በወልመራ በኩል ቀዩ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ያስፈልገዋል። የዱከም ዋልካ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሲድ አያስቸግረውም፣ ገንዘብህን አታባክን። አፈሩን ሳታስመረምር ምንም አትግዛ። ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቆንጠር ቆንጠር አድርገህ ቀላቅልና አንድ ኪሎ ያህል ይዘህ ሂድ። እበት የወደቀበትንና የአጥር ጥጉን ዝለል።

ቢሾፍቱ_ወተት፦
የሳር ዘር መቀየር ካማረህ ሮደስ የሚባለው የመኖ ሳር ለናንተ አየር ይሆናል። ሱሉልታ ቢሆን ውርጩ አይመቸውም ነበር። ዘሩ ብናኝ ስለሆነ እንደ ጤፍ ማሳ አልምተህ ከላይ በትነው፣ አትቅበረው። ግን እኔም አፈሩን አስቀድም ባይ ነኝ፣ የተራበ መሬት ላይ ሮደስም ሁለት ዓመት ደምቆ ይከሳል። ደግሞ የገዛኸውን ድርቆሽ ሜዳው ላይ አታብላ። ቅንጭ አረም ይዞ ከገባ ተሰናበተው።

የዱከሙ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የእበቱ ነገር ነው የከበደኝ። ኩበቱ የእማዬ ነው፣ የምትጋግርበትም የምትሸጠውም እሱን ነው። ልውሰደው ስላት ምን ልታነድ?

ላሜቦራ፦
ልክ ናት እማማ፣ የሚነድ ነገር ሳትሰጣት እበቱን እንዳትነካባት። አምስት ከብት ካለህ ከእበቱ ማብሰያ ጋዝ የሚያወጣውን ባዮጋዝ አስብ። ወጡም ቡናውም በጋዙ ይሠራል፣ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ማዳበሪያነቱ አይጠፋም፣ ቀጥታ ለሳሩ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ ግን አይተማመኑበት፣ ለሱ የተወሰነ ኩበት ተዉላት። በየቀኑ እበቱን የሚያህል ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ቅርባችሁ ነው?

የዱከሙ፦
ጉድጓድ ግቢ ውስጥ አለ፣ መጋቢት ላይ ግን ይቀንሳል። ዋጋውን ጠይቄ እመለሳለሁ። ቬቹን ግን ዘንድሮ እዘራለሁ፣ ዘሩን ዱከም አካባቢ የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።