«ፊልድ»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ደሴ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ተማሪዎቼ ትንሽ የቃላት መፍቻ እያዘጋጀሁ የእንግሊዝኛው «ፊልድ» (field) ላይ ስደርስ ቆምኩ።

መጀመሪያ «ሜዳ» አልኩ። ለኳስም ለጦርም ይሠራል፣ እዚሁ ደሴ አጠገብ ላሉት የቦሩ ሜዳ ልጆችማ ማብራሪያም አያሻው። ግን የተዘራበት ከሆነ ማሳ ነው እንጂ ሜዳ አይባልም፣ ገበሬ ይስቅብኛል። «መስክ» ይሻላል፤ ከብት የሚግጥበትም መስክ ነው፣ የጥናት መስክም አለ፣ ፊዚክስ ላይም መግነጢሳዊ መስክ እንላለን። ኮምፒውተር ላይ ስልክ ቁጥር የሚሞላበትን ቦታ «መስክ» ስላቸው ግን ልጆቹ ሳቁ፣ እሱን «ሳጥን» ብዬ አለፍኩት።

የጨነቀኝ የራሴው ትምህርት ነው። በአልጀብራ ፊልድ ማለት፣ በአጭሩ፣ ስትደምር፣ ስትቀንስ፣ ስታባዛ፣ ከዜሮ በቀር በየትኛውም ስታካፍል ውጤቱ ከዚያው የማይወጣ ስብስብ ነው። ንጥጥር ቁጥሮች (ድፍኖቹም እንደ 1/2 ያሉት ክፍልፋዮችም አንድ ላይ) ፊልድ ናቸው። ድፍን ቁጥሮች (እንደ -1፣ 0፣ 1፣ 2 ያሉት) ብቻቸውን አይደሉም፣ 1ን ለ2 ስታካፍል ከውስጣቸው ትወጣለህ። ይሄ ከግጦሽ ጋር ምን አገናኘው? ጀርመኖች እንኳ «አካል» ነው የሚሉት። ባልደረባዬ «አብሽር፣ ፊልድ ብለህ ተወው» ይለኛል፣ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

ሒሳብ በአማርኛ ያስተማራችሁ፣ ይሄን የአልጀብራውን ፊልድ ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?